ላለመድገም ብዬ የጻፍኳቸው ቃላት

የልጅ ልጄ ቤዛ እሑድ እሑድ ምሳ የምትበላው እኔ ዘንድ ነው። ማራኪ ሰፈር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ሳምንቱን በፓስታና በዳቦ ትከርምና እሑድ ሚኒባስ ተሳፍራ ስትመጣ ገና ከበር "እማማ፣ ምን ሠራሽ?" ትላለች። ባለፈው እሑድ ግን ድስቱን ረስታ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። የእንግሊዝኛ ፈተና ደርሶባታል። ወረቀቱ ላይ ስድስት ቃላት ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ባዶ ቦታ የተተወላቸው ስድስት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። "አንቺ ነርስ አልነበርሽ? እስቲ ለይልኝ። መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም ሁከት፣ ግርግር፣ ትርምስ እያለ ነው የሚፈታቸው" አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ሬስትለስ፣ አጂቴትድ፣ ኮሞሽን፣ አፕሮር፣ ተርሞይል፣ ራዮት። ስድስቱንም አወቅኳቸው፤ ከስንት ዘመን በኋላ እንደ ጠፉ ዘመዶች ተሰልፈው ቤቴ ድረስ መጡ። ቤዛ እርሳሷን እያሽከረከረች "ዝም ብዬ ቀያይሬ ብሞላቸውስ? ያው ናቸው እኮ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። "ያው አይደሉም" አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር መሰል ልጅቱ ደነገጠች። "ያው ናቸው ብዬ አንድ ምስኪን ሰውዬ አሳስሬያለሁ። ቁጭ በይ፤ ምሳው ይቆይ።"

ጊዜው ጣሊያን ወጥቶ ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ዓመቱን ቁጠሪ ብትሉኝ አልቆጥርም። የማስታውሰው በከተማችን አራዳ ላይ ጣሊያን የቀባው ቢጫ ቀለም ገና ሳይላላጥ፣ የሸራ ጫማ ሦስት ብር፣ አንድ ድፍን የልብስ ሳሙና ስሙኒ የነበረበትን ዘመን ነው። ካኪ ኮት ለብሶ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ ሁሉ ሹም ይመስል ነበር። ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ካለው ጠጅ ቤት ሸክላው ሲዘፍን እኛ ልጃገረዶቹ ሳንቆም፣ ግን እግራችንን ጎተት እያደረግን እናልፋለን። ዛሬ በዚያ ጥግ ሞባይል ይጠገናል፤ ባለፈው የራሴን ልሰጥ ሄጄ ሳላስበው እግሬን ጎተት አደረግሁት። የከተማው ሴት ሁሉ ነጭ በነጭ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት በአንድ ነጭ ነገር ብቻ ላይ ነው፤ ባለ ክንፍ የአስታማሚ ቆብ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም ልጃቸው ሆኜ እንደ ሰዉ የኔታ ነበር የምላቸው። ቤታችን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተደግፎ የቆመ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ የተማሪዎቻቸው ጎጆዎች ተደርድረዋል። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ደበሏቸውን ደርበው ግስ ይቀጽላሉ። ግስ ማለት የግዕዝ ቃል ከነፍቺው በዜማ የሚጠናበት ትምህርት ነው፤ አንዱ "ሆከ" ሲል ሌሎቹ ተቀብለው "አወከ፣ በጠበጠ፣ ነቀነቀ" ይላሉ፤ አንድ ዓይነት ፍቺ ያላቸው ቃላት እንደ ወንድማማች አብረው ይጠራሉ። እኔ በአጥሩ ወዲህ ምስር እየለቀምኩ ሁሉንም በጆሮዬ ለቅሜዋለሁ። ቅኔ ሲዘረፍ ደግሞ አንድ የማይታለፍ ነገር ነበር። ተማሪው በሁለት መስመር ቅኔ ውስጥ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ካመጣ የኔታ ጢማቸውን እያሻሹ "ምነው ልጄ፣ ቃል ተወደደብህ?" ይላሉ። ጉባኤው በሳቅ ይፈርሳል። ያ ተማሪ ሳምንት ሙሉ ቀና ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ለእኔ ቃል መድገም ማለት በቆሸሸ ነጠላ ለቅሶ ቤት እንደ መሄድ ያለ ነውር ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ ከጡት ጋር የጠባሁት ነውር ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ፈረንጆች ያቋቋሙት ትንሽ ሕክምና ቤት ነበር። ዛሬ የለም፤ ስሙን ብጠራውም የሚያውቀው አይገኝም። አንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ የጀመሩ ሴት ልጆችን በአንድ ዓመት አስታማሚነት እናስተምራለን ብለው አስነገሩ። እኔ ቀለም ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። ለየኔታ ስነግራቸው "የሰው ቁስል ታጥቢያለሽ?" አሉኝ። "አጥባለሁ" አልኳቸው። "ወንድ ልጅ ታነሺያለሽ፣ ታስተኚያለሽ?" "የታመመ ከሆነ አነሣለሁ።" "እንግዲያስ ጀምረሽ እንዳትተዪ" አሉኝ። ይህችን ቃል ይዤ ሄድኩ። ሰማያዊ ቀሚስና ነጭ ሽርጥ ሰጡን፤ ቆቡ ግን ዓመቱን ጨርሶ ላለፈ ብቻ ነው። አለቃችን አቶ ታፈረ የሚባሉ የድሬሰሮች፣ የቁስል አጣቢዎቹ፣ ኃላፊ ነበሩ፤ የዶክተሩም አስተርጓሚ እሳቸው ናቸው። ዶክተሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ የሚያጎነብስ ፈረንጅ ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምንለው፤ አሁን ሳስበው ግን ዛሬ ካለው ልጄ ያንስ ነበርና አንተ እያልኩ ላውጋው።

የወንዶቹ ክፍል ዐሥራ ሁለት አልጋ ነበረው። ተረኛዋ ተማሪ በየጠዋቱ በትልቁ መዝገብ ላይ ለያንዳንዱ በሽተኛ አንዳንድ መስመር በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ ምን ያህል ተኛ፣ በላ ወይስ አልበላ፣ እንዴት ሆኖ ነጋለት። ዶክተሩ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ያን መስመር አንብቦ ነው መድኃኒት የሚያዘው። ከተማሪዎቹ ሁሉ ሰፊ ቃል ያለኝ እኔ ነበርኩ። አስታማሚዎች ክፍል ውስጥ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበርና ከእሱ ቃላቱን ብቻ እየገለበጥኩ፣ የሚመሳሰሉትን በየዘመዳቸው ቋጥሬ፣ በግስ ዜማ አጠናቸዋለሁ። ሬስትለስ፣ አጂቴትድ፣ ኮሞሽን፣ አፕሮር፣ ራዮት፤ አወከ፣ በጠበጠ፣ ነቀነቀ። ከየቃሉ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ግን አንድም ቀን አላነበብኩትም። ለምን ብዬ? ዘመዳሞች ናቸው አይደል!

በጥቅምት መጨረሻ አያ ቢምረው መጡ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ ገደላም አገር የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ከከፍታ ላይ ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰብሮ አራት ጎረምሶች በቃሬዛ እስከ መንገዱ ተሸክመው በካሚዮን አመጧቸው። እግራቸው በጄሶ ታሸገ። ቀን ቀን እንደ እሳቸው ያለ ጨዋ በሽተኛ አላየሁም። ውኃ ስሰጣቸው "ሸጋ ልጅ ነሽ፤ እናትሽ ትባረክ" ይላሉ። ጎህ ሲቀድ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከወገባቸው ቀና ብለው የቆርቆሮ ጣሳቸውን በአልጋው ብረት ላይ እየደበደቡ "ሃይ! ሃይ! ውረድ! ውረድ ብዬሃለሁ!" ይላሉ። ዐሥራ አንዱም በሽተኛ ይነቃል። ግማሹ ይሳደባል፣ ግማሹ ያማትባል፣ አንዱ ዛር ነው ይላል፣ ሌላው ጠበል አምጡለት ይላል። ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትደርስ አያ ቢምረው ጋደም ይላሉ፤ ወዲያው እንቅልፍ ይጥላቸዋል። በኋላ "አያ ቢምረው፣ ጠዋት ምን ሆነው ነው?" ብዬ ስጠይቃቸው ያፍራሉ። "ምነው፣ ምን አደረግሁ? ምንም አላደረግሁ" ይሉና ጋቢያቸውን ይከናነባሉ።

ያን ሳምንት ዶክተሩ ወደ ዛሪማ በኩል ክትባት ሊሰጥ ወጥቶ ነበር። ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት በመዝገቡ ላይ አያ ቢምረው ሬስትለስ ሆነው ነጋላቸው ብዬ ጻፍኩ። ማክሰኞም ያው ጩኸት፣ ያው ጣሳ ነው። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ልጽፍ ስል የሰኞው ቃል ከላይ ሆኖ አየኝ። የኔታ ጢማቸውን ሲያሻሹ ታየኝ። አጂቴትድ አልኩ። ረቡዕ ኮሞሽን። ሐሙስ አፕሮር። ዓርብ ከከረጢቴ የቀረችው ቃል ራዮት ነበረች፤ ስጽፋት ከንፈሬን ነክሼ፣ ፊደሏን አሳምሬ ነው። አምስት ቀን አንድም ቃል ሳልደግም አሳለፍኩ ብዬ ኮራሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዶክተሩ መጥቶ ሲያነበው ይህቺ ልጅ የማን ልጅ ናት ይላል ብዬ ስጠብቅ ነበር።

ዶክተሩ ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ከነአቧራው መጣ። መዝገቡን ቆሞ አነበበ፤ አምስቱን መስመር ተራ በተራ በጣቱ እየተከተለ። ወደ አያ ቢምረው አልጋ ሄደ፤ እሳቸው ተኝተዋል። ለአቶ ታፈረ ዝቅ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር ነገራቸውና ወጣ። ትንሽ ቆይተው አቶ ታፈረ ሰፋፊ ፋሻ ይዘው መጡና የአያ ቢምረውን ሁለት እጅ ከአልጋው ብረት ጋር ማሰር ጀመሩ። ሽማግሌው ነቁ። አልታገሉም። የታሰረ እጃቸውን አዩት፣ አቶ ታፈረን አዩ፣ እኔን አዩ። "ምነው ልጄ?" አሉኝ። "ምን ሰረቅሁ? የማንን ደም አፈሰስሁ?" በእኛ አገር ሰው እጁ የሚታሰረው ወንጀለኛ ሲሆን ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ፤ እንባቸውን የሚጠርጉበት እጅ እንኳ አልነበራቸውም። በሽርጤ ጫፍ የጠረግሁላቸው እኔ ነኝ።

አቶ ታፈረን ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸውና ለምን አልኳቸው። "አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው? ሰኞ ተቅበጠበጠ፣ ማክሰኞ ታወከ፣ ረቡዕ ክፍሉ ተተራመሰ፣ ሐሙስ ጩኸት በረታ፣ ዓርብ ድብድብ ተነሣ። ሰውዬው በየቀኑ እየባሰበት ነው ማለት ነው። ነገ ጎረቤቱን ቢገድልስ? ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ በሚነሣው ካሚዮን አዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን ዘንድ ይላካል" አሉኝ። "ኧረ በየቀኑ ያው ነው! ምንም አልባሰባቸውም። ቃል ላለመድገም ብዬ ነው" አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ግራ ቀኝ አዩና "ዝም በይ" አሉኝ። "ቃሉን ሳታውቂ ጻፍሽ ከተባለ ቆቡ ቀረ። ሁለት ወር ነው የቀረሽ።" "ሰውዬውስ?" "እዚያም ሐኪም አለ፤ ጤነኛ ከሆነ ይመልሱታል።" ጤነኛ ሽማግሌ በተሰበረ እግር፣ እጁ ታስሮ፣ ሦስት ቀን በካሚዮን! ግን ያን ቀን ዝም አልኩ። ይህን የምደብቀው አይደለም፤ ቆቤን ፈርቼ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ሲነጋ ግን ቆርጬ ተነሣሁ። ለዶክተሩ ተሳስቻለሁ ብል የትኛው ቃል ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? ወደ ሕክምና ቤቱ ሄጄ መዝገበ ቃላቱን አወጣሁና ያን በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ፤ በእንግሊዝኛዬ ልክ እየተንገዳገድኩ በወረቀት ገለበጥኩት። ንባቡ ብቻውን አልገባኝ አለ። ወረቀቱን አጥፌ ጡቴ ሥር ወሸቅሁና ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ሁከት የሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ የት ይሄዳል? ሸክላ ሻጮቹ ዘንድ አንዲት በቅሎ ገመዷን በጥሳ ገባች፤ ሰዉ ሁሉ እንስራውን ታቅፎ ወዲያና ወዲህ ተራወጠ፤ ኮሞሽን እሷ ናት። ቅቤ ተራ አንዱ ነጋዴ ሙዝ ከቅቤ ጋር ደልዞ ተገኘና ሃምሳ ሰው ባንድ አፍ ጮኸበት፤ የማንም እጅ ግን አልተነሣም፤ እሷ አፕሮር ናት። አንዲት ሴት ልጇ ጠፍቶባት የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች፣ ቁጭ ብድግ እያለች፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቆማለች፤ አጂቴትድ ናት። ልጁ ተገኘ፣ እግዜር ይመስገን። ራዮትን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ፤ እሷ ድንጋይና ዱላ ትፈልጋለች። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከእነሱ ጎን ያገኘኋትን ተርሞይልን ግን መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ከዓርብ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ነበረች።

እህል ተራ ስደርስ ከአምባ ጊዮርጊስ ዙሪያ የመጡ ሴቶች ገብስ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ለአንዷ አያ ቢምረው የሚባሉ ሰው ታውቂ እንደሆነ ብዬ ጠየቅኋት። "አያ ቢምረውን? ጎረቤታችን አይደለም እንዴ! ተሻለው?" አለች። እግራቸው ደኅና መሆኑን፣ ጎህ ሲቀድ ግን እንደሚጮኹ ነገርኳት። "ምን እያለ ነው የሚጮኸው?" አለችኝ። "ሃይ፣ ሃይ፣ ውረድ።" ሴትዮዋ ሣቀች። ከዚያ ቁናዋን አስቀምጣ ቆመችና እጇን ወደ አፏ አድርጋ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሀል "ሃይ! ሃይ! ውረድ!" ብላ ለቀቀችው። ቁርጥ የአያ ቢምረው ድምፅ ነው። "ጭላዳ ዝንጀሮ እኮ ነው እሚያባርረው! ገብሱ ደርሷል። ጭላዳው ጎህ ሲቀድ ከገደሉ ይወጣል፤ የአያ ቢምረው ማሳ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከማማው ላይ ቆርቆሮ እየመታ ስንት ዓመት ጠበቀው! የወደቀስ ከማማው አይደል? አንድ ጠዋት ዝም ካለ የልጆቹ የዓመት ጉርስ አለቀ ማለት ነው።" "ታዲያ ስጠይቃቸው ለምን አይነግሩኝም?" አልኳት። "ምነው፣ በከተማ ሰው አልጋ ላይ ተኝቼ ጭላዳ አባረርሁ ይበልሽ? ያፍራል እንጂ!" አለችኝ። ስለ ገብሱ ወሬ እንድትልክላቸው ለመንኳት፤ ለልጁ እነግራታለሁ አለች። ከገበያው እየሮጥኩ ነው የወጣሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ከቅጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቃል መድገምን ነውር ያደረጉብኝ እሳቸው ናቸውና እኔም ጥቂት ተቆጥቻቸው ነበር መሰለኝ። የዝንብ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ አወዛወዙና "በምህላ ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ስንት ጊዜ ነው የምንለው?" ብለው ጠየቁኝ። "አርባ አንድ ጊዜ" አልኳቸው። "ለምን በአርባ አንድ ዓይነት ቃል አናሳምረውም?" አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር አደረግሁ። "እግዜርስ ሰለቸኝ፣ ለውጡልኝ ይላል?" "አይልም፣ የኔታ።" "ቅኔ ለጉባኤ ነው፤ ለማማር ነው። ያ የፈረንጁ መዝገብ ግን የታመመ ሰው ምህላ ነው። ያው ከሆነ ያው በይ። ሂጂና ንገሪው።" "ቆቤስ?" አልኳቸው፤ እንደ ሕፃን እንባዬ መጣ። "ጀምረሽ እንዳትተዪ ነው እንጂ ቶሎ ጨርሺ አላልኩሽም" አሉኝ።

ዶክተሩ ቤት ሄጄ በር ስመታ የቤት ጫማ አድርጎ ወጣ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ቆሜ ተናዘዝኩ። ከጨረስኩ በኋላ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ኮሞሽን? በቅሎዋን ነገርኩት። አፕሮር? የቅቤውን ነጋዴ። አጂቴትድ? ልጇ የጠፋባትን እናት። ራዮት ሲለኝ "ቀኑን ሙሉ ቅዳሜ ገበያ ፈልጌ አጣሁት፤ አንተ ክፍልም የለም" አልኩት። ሊስቅ ነበር፤ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ ቀላ። "መዝገቡን ካላመንኩ ምን ልመን? ይህን ሰው አንቺን አምኜ ነው ያሰርኩት!" አለኝ። እውነቱን ነው። "ነገ ካሚዮኑ ከመነሣቱ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ መጥተህ እየው። ከዚያ በኋላ እኔን የፈለግኸውን አድርገኝ" ብዬው ሄድኩ።

ሰኞ ገና ሲነጋጋ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ዶክተሩ ኮቱን ደርቦ ቆሟል። መስኮቱ ግራጫ ሲሆን አያ ቢምረው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቀና አሉ። "ሃይ! ሃይ! ውረድ!" የታሰሩ እጆቻቸው ፋሻውን ይጎትታሉ፤ ጣሳቸውን ነው የሚፈልጉት፤ አያገኙትም። ድምፃቸው ተሰበረ። "ገባ! ገባ እኮ! ኧረ የሰው ያለህ፣ በላው!" አሉ። ለዶክተሩ ተረጎምኩለት፤ ማሳውን፣ ጭላዳውን፣ ማማውን። ዶክተሩ ሄዶ በገዛ እጁ የቀኝ እጃቸውን ፈታና ጣሳውን አስያዛቸው። አያ ቢምረው አልጋውን አንድ ጊዜ ደበደቡት፤ ብረቱ ሲጮህ ነቁ። ያ ረጅም ፈረንጅ ከላያቸው ጎንበስ ብሎ ሲያዩት ጣሳውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት። "ይቅር በለኝ ጌታዬ፤ ገብስ ጠብቄ ነው" አሉት። ዶክተሩ የቀረውንም እጃቸውን ፈታ። ከውጭ ካሚዮኑ ጥሩምባ ሲነፋ አቶ ታፈረ ወጥተው የሚሄድ ሰው የለም ብለው መለሱት።

ለእኔ የደረሰኝን እዚያው ነገረኝ። "ዓመቱን ትደግሚያለሽ" አለ። "እሺ" አልኩት። በኋላ ማጠቢያ ቤት ገብቼ አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው፤ ጓደኞቼ ቆብ ሲደፉ እኔ ባዶ ራሴን ቆሜ አጨበጨብኩላቸው። ደገምኩት፤ በሚቀጥለው ዓመት ቆቡን ደፋሁ፤ ጡረታ እስክወጣም አላወለቅኩትም። የዚያን ዕለት ግን ዶክተሩ እስክሪብቶውን ዘረጋልኝና ጻፊ አለኝ። ከስድስቱ ቃላት አንዱም አልተጠጋኝም። "ገብስ እየጠበቁ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ማክሰኞ ጠዋት እስክሪብቶውን ሳነሣ እጄ በላኝ፤ ሌላ ዓይነት አባባል ምላሴ ላይ መጣ። ጥርሴን ነክሼ "ገብስ እየጠበቁ ነው" አልኩ። ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም። ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሰው እንዳይጽፍብኝ ብዬ ወደ ቤት ሳልሄድ እዚያው አደርኩ። ዐሥራ ሁለት ቀን አንድ መስመር። በሽተኞቹም ለመዱት፤ አንዱማ አብሯቸው ውረድ ይል ጀመር።

ቤዛ እርሳሷን ነክሳ ታየኛለች፤ ምሳው ቀዝቅዟል። "ከዚያስ?" አለችኝ። ከዚያማ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸው በሶ ቋጥራ መጣች፤ አልጋቸው ላይ ጎንበስ ብላ ስለ ገብሱ አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ እሳቸውም "ሸጋ፣ ሸጋ" አሉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ነቅተን ጠበቅን። ክፍሉ ጭጭ አለ። ፀሐይዋ መስኮቱን አልፋ ጋቢያቸው ላይ ስትወጣ አያ ቢምረው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ተኝተዋል። መዝገቡን አወጣሁና "ዛሬ አልጮኹም" ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ዶክተሩ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ጣቱ ያንን አንድ መስመር እየነካ ወደ ታች ወረደ፤ ያው፣ ያው፣ ያው፤ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብሎ ወደ ተኙት ሽማግሌ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረና በዚያች በማይችላት አማርኛው፣ "ገብሱ ገባ?" አለኝ።

"ገባ" አልኩት።